ከደረጃው ሥር ስለተጣለው የፓኔቶኔ ቆርቆሮ

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ
መጋቢት 1978 ዓ.ም.

ለክቡር ሲኞር ኡምቤርቶ፣ የሕንፃችን አስተዳዳሪ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በበዓሉ ሰሞን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ የየቤቱን ቆሻሻ ሲመረምሩ ስለከረሙ፣ ወገብዎን እንዳያምዎ ስሰጋ ነበር፤ እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። በጣልያንኛ ያስገባሁት ማመልከቻ መልስ ስላላገኘ፣ ይህኛውን የአገሬ ሰዎችም እንዲያነቡት በራሴ ቋንቋ ጽፌዋለሁ፤ ሁለቱንም እኩል እንደማያነቡ ስለማውቅ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

1ኛ. ስለ ሐሳብዎ አመሰግናለሁ። በእናንተ ገና በየበሩ የስጦታ ወረቀት፣ አጥንትና የስፑማንቴ ወይን ጠርሙስ ሲቆለል፣ እኛ ጾም ላይ ስለነበርን ከእኔ ቤት የወጣው የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ነበር። እርስዎም ይህች ሴት ቆሻሻዋን የት ትደብቅ ይሆን ብለው የበር ጠባቂያችንን ሲኞራ ጆቫናን መጠየቅዎን ስሰማ፣ በባዕድ አገር ይህን ያህል የሚያስብልኝ ሰው በማግኘቴ ተጽናናሁ።

2ኛ. ቆርቆሮ ስለማጠራቀሜ። ጎረቤቶቼ የገና ዳቦአችሁ የፓኔቶኔ ባዶ ቆርቆሮ እንደምፈልግ ስለሚያውቁ፣ ከመጣል ይልቅ ደጄ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔም አጥቤ፣ ወደ አገር ቤት በሰው እጅ የምልከውን ዕቃ እከትበታለሁ። በእኛ አገር ቆርቆሮ ባዶ ሆነ ተብሎ አይጣልም፤ ስኳር ይቀመጥበታል፣ በርበሬ ይቀመጥበታል፣ ዝጎ ሲበሳም አበባ ይተከልበታል። በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌ እንኳ ባለቤቷን ሳያስጠራና ሳይከራከር አንዲት ጠርሙስ አያነሣም። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ገላግለውኛል።

3ኛ. ከደረጃው ሥር ካስቀመጥኳቸው ቆርቆሮዎች አንዱ ባዶ አልነበረም፤ የእናቴ የዓይን ጠብታ ነበረበት። ሐኪሟ ያለዚህ ጠብታ ዓይኗ እንደሚጠፋ ነግሯት ነበር፤ አዲስ አበባ ግን መድኃኒቱ አልተገኘም። ጠብታው ቀዝቃዛ ቦታ ስለሚፈልግ፣ የእኔም ፍሪጅ በዚያው ሰሞን ስለተበላሸ፣ ከደረጃው ሥር አኑሬ ለሲኞራ ጆቫና አደራ አልኩ፤ እሳቸውም መድኃኒት ያለበት ቆርቆሮ መኖሩን ለእርስዎ ነግረዋል። የእናንተ የቤፋና በዓል ባለፈ ማግስት፣ ማለትም በእኛ ገና ዕለት፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ እርስዎ የበዓሉን ጥራጊ አስጠረጉ። በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ የሚበሩትን አቶ ፍሰሃጽዮንን፣ ዕቃውን እንዲቀበሉኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ይዤ ስመለስ የተቀበለን የበረኪና ሽታ ነበር። ሌላ እንዳልገዛ ያለ ሪቼታ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ አይሸጥም፤ ሪቼታውን የሚጽፉልኝ ሐኪም ደግሞ ከዕረፍት አልተመለሱም። አቶ ፍሰሃጽዮን ባዶ እጃቸውን ሄዱ፤ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ሁዳዴ ገባ።

4ኛ. እህቴ ካሳነሽ እንደጻፈችልኝ፣ እናታችን በጠራራ ፀሐይ በረንዳ ላይ ተቀምጣ መብራት ጠፋ ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ ካሳነሽም አዎ ጠፍቷል ትላታለች። ጠብታው አሁን ደርሷል፤ የሄደውን ብርሃን ግን እንደማይመልሰው ሐኪሙ ተናግሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው፤ ዛሬ የምጮኸው ውሻ እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ፤ ከመናደዴም ይበልጥ ደክሞኛል።

ደረጃዎ እንደ ኅሊናዎ ምንም ነገር የማይገኝበት ሆኖ እንዲኖር ከልቧ የምትመኝልዎ፣ ለጽዳትዎ ከማንም በላይ የከፈለች፣ የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ

ሸዋረጋ

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት አብረውዎት የነበሩት ሲኞራ ጆቫና እንደነገሩኝ፣ የጌታን ልደት ለማሳየት በሕንፃው መግቢያ የሚደረደሩት የግርግሙ ምስሎች ሣጥን በስሕተት ከጥራጊው ጋር ስለተጫነ፣ እርስዎ የቆሻሻ መኪናውን እስከ ፒያሳ ቪቶሪዮ ተከትለው አስቁመዋል። ሣጥኑ ከእኔ ቆርቆሮ ሥር ስለነበረ፣ ቆርቆሮዬን ከፍተው፣ ብልቃጦቹን አይተው፣ መልሰው ከድነው ወደ ጎን ካደረጉት በኋላ ሣጥንዎን ይዘው ተመልሰዋል። ከሸክላዎቹ እረኞች አንዱም እንዳልተሰበረ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።