ኩሉን ፀጉር አለችው

ቅዳሜ

ሩቅያ ሹሩባዬን እየፈታች አናቴ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ምነው?» ብላት ዝም። ይቺ ጎረቤቴ ፀጉር ስትሠራ አፏ ከእጇ ይፈጥናል፤ ዝም ስትል ደግ አይደለም። ከዚያ «ሰፍቷል» አለች።

አናቴ ላይ ያለችው መላጣ መጀመሪያ ሳንቲም የምታክል ነበረች፤ አሁን መዳፍ ታህላለች። ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል። ባሌ ሰይድ አያውቅም። ቤት ውስጥም የምከናነበውን ቶቤን ከራሴ አላወርድም፤ በረደኝ እለዋለሁ። በገዳሪፍ ሙቀት!

ነገ ከካርቱም የመጣች የቆዳ ሐኪም ታየኛለች። ሩቅያ «መላጣሽን ይዘሽ ሰው ፊት ልትቀርቢ? ነይ ወዲህ» ብላ ኩል በዘይት ለውሳ ቦታውን አጠቆረችልኝ። በመስታወት አየሁት። ወላሂ ያምራል።

እሑድ

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ባትሪ የመሰለ፣ አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት ያለው ትንሽ መሣሪያ አናቴ ላይ ለጥፋ አየች፤ ስልኳን ገጥማም ፎቶ አነሳች። «የተቀባሽው ነገር አለ?» አለችኝ። «ዘይት ብቻ» አልኳት። አናቷን ኩል ቀብታ መጣች ልባል?

ፎቶውን አሳየችኝ። «እነዚህ ጥቁር ነጥቦች ከሥር የተሰበረ ፀጉር ናቸው። ፀጉሩ የሚበቅልበት ቀዳዳ ካለ ፀጉሩ ይመለሳል። የፈራሁት ጠባሳ ሆኖ ቀዳዳው እንዳይደፈን ነበር፤ ያ አይመለስም» አለች። በታጠበ ራስ የምቀባው ቅባት አዘዘችልኝ። ስመለስ ረክሻው ባጃጅ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወቱ ያየኛል። ይየኝ! አልሐምዱሊላህ።

ሰኞ

ውሃው ጠቆረ። ቅባቱን ልቀባ ራሴን ብታጠብ ሳፋው ከሰል የታጠበበት መሰለ። ክው አልኩ። ነጥቦቹ! ያየችው የኔን ፀጉር ነው የሩቅያን ኩል?

ሩቅያን ጠርቼ ነገርኳት። «ደህና ነው ከተባልሽ ምን ነገር ትቆሰቁሻለሽ? ዝም በይ» አለች። እኔም ዝም ማለቱ አምሮኝ ነበር። ማቃጠሉ ግን ዝም አይልም።

ሰይድ ለምሳ ሲገባ ሳፋውን አየ፤ ከዚያ አናቴን። ለመሸፈን አልደረስኩም። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ተቆጣ፤ በበሽታው ሳይሆን በመደበቄ። «እኔ ባዳ ነኝ?» አለኝ። ምሳውን ሳይነካ፣ «ነገ ጧት፣ ዶክተሯ ወደ ካርቱም ሳትመለስ እንደርስባታለን። ሱቁን እዘጋለሁ» አለ።

ማክሰኞ

«ኩል ነበር» አልኳት ገና ሳልቀመጥ። ዶክተሯ መጀመሪያ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ሳቀች። «አናትሽ ላይ ዓይን አለሽ እንዴ?» አለች። ጥጥ በአልኮል እየነከረች፣ ጥጡ ነጭ እስኪወጣ አሸችው። መሣሪያውን መልሳ ለጠፈች። አሁን አልሳቀችም። ሰይድ እጄን ይዞታል።

«ማፊ» አለች። የለም ማለቷ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ እንኳ አልቀረም፤ ለስልሶ ነጥቷል፤ ጠባሳ ነው። ዳር ዳሩን ግን በፀጉሮቹ ሥር ቅርፊት አየች፤ በሽታው እዚያ ገና እየሠራ ነው። መሣሪያው ካሳያት ከዚያው ዳር የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ቆርጣ ወሰደች፤ ካርቱም ይመረመራል። የእሑዱ ቅባት ቀርቶ ሌላ መድኃኒት ተሰጠኝ። ሹሩባም ቀረ። «ያለውን ለማትረፍ እንሞክራለን። በሄደው አልዋሽሽም» አለችኝ።

ረክሻው ላይ አለቀስኩ። ሰይድ «ያለው ይበቃል» ቢለኝ «ላንተ ይበቃሃል!» ብዬ ጮኽኩበት። እጄን ግን አልለቀቀም።

አሁን ስፌቱ ይጠዘጥዘኛል። ያ አላህ፣ የዳሩ ብቻ ይትረፍልኝ፤ ሌላ አልለምንህም።

ዋሸሁ። መሃሉንም እለምንሃለሁ።