ቆርጬ የጣልኩት ንግግርሽ

ውድ እታለም፣

ስልክ እንደማታነሺልኝ አውቃለሁ። ብታነሺም «እማዬ ደህና ናት?» ብለሽ መልሴን እንደሰማሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት መጣሁብሽ። ቀድደሽ ልትጥዪኝ ትችያለሽ፤ ግን አንቺ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እንኳ ዘርግተሽ ሳታነቢ የማትጥዪ ሴት ነሽ፤ እሱን ተማምኛለሁ።

ልለማመጥሽ አይደለም የተቀመጥኩት። አንድ ሥራ ሠርቻለሁ፤ አሳምሬ ነው የሠራሁት፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሚው ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለአራት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን መተንፈስ አለብኝ።

እሁድ እሁድ የምንወጣበትን ጊዜ መቼም አትረሺውም። አንቺ የታሪክ መምህርት፣ እኔ ቧንቧ ሠራተኛ፤ በእኔ አሮጌ መኪና፣ በቧንቧ ቁራጭና በመፍቻ መሀል ማስታወሻ ደብተርሽን ታቅፈሽ። የፈረሰውን ወፍጮ ቤት ቀረጽን። ያዘመመውን የድሮ የከተማ በር ቀረጽን። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ኋላ እየተራመድኩ እቀርጻለሁ። ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ወድቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅሽው ስልኩ መትረፉን ነበር። አሥራ ሁለት ቪዲዮ ለቀቅን፤ እያንዳንዱን አርባ ሰው አየው፤ ከአርባው ግማሹ ዘመድ ነው። እኔ ስበሳጭ አንቺ፣ አርባ ሰው ማለት አንድ ክፍል ተማሪ ነው፣ ምን ጎደለን ትዪኝ ነበር። ለእኔ ግን ጎድሎኝ ነበር። ሰው በየቀኑ በአጠገባቸው እያለፈ የማያያቸውን ድንጋዮች ቆም ብሎ እንዲያይ እፈልግ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እግረ መንገዱን እኔንም እንዲያይ።

አሥራ ሦስተኛው ዋሻው ነው። ታውቂዋለሽ፣ ግን ልድገመው፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በኮረብታው ጎን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት መተላለፊያ። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደገቡ እስከ ወገብ የሚደርስ ግድግዳ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘጋዋል። ከግድግዳው ወዲያ መተላለፊያው እየጠበበ ሄዶ ሰው የማያስገባ ቀዳዳ ይሆናል። አንቺ ግድግዳው ፊት ቆመሽ እንዲህ አልሽ፦ «የንጉሥ ማምለጫ ነበረ የሚሉ አሉ። ጠላት ሲመጣበት በዚህ አምልጦ ከኋላው ግድግዳ አስገነባ ይላሉ። እኔ ግን አላምንም። አንድም ማስረጃ አላየሁም፤ ምን እንደነበረ አላውቅም።»

በማግስቱ መኪናዬ ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ ቆረጥኩት። «የሚሉ አሉ» ወጣ። «ይላሉ» ወጣ። «አላምንም» እና «አላውቅም» ወጡ። የቀረው በአንቺ ፊት፣ በአንቺ ድምፅ፣ ንጉሡ በዚህ አመለጠ የሚል ሆነ። ከሥሩ ከበሮ ጨመርኩበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ እጄን እንኳ አልታጠብኩም ነበር። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አየው።

ከዚያ በኋላ የደረሰብሽን ከእማዬ ነው የሰማሁት። የትምህርት ቤታችሁ ርእሰ መምህር በስብሰባ መሀል ቪዲዮውን ከፍተው፣ ያለ ማስረጃ እንዲህ የምትናገር መምህርት ለተማሪ ምን ታስተምራለች ማለታቸውን። ተማሪዎቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዘውድ ሥለው እንደጠበቁሽ። አንቺ ያን ሁሉ ተሸክመሽ ደውለሽ የነገርሽኝ አንድ ቃል ነበር፤ አውርደው። እኔም «ሰው እኮ ወደደው» አልኩሽ። በዚያው ወር ዝውውር ጠይቀሽ ከከተማው ወጣሽ። ለእማዬ እድገት አግኝታ ነው አልኳት፤ አላመነችኝም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ እያወቅኩ፣ በገዛ ጣቴ እየቆረጥኩ ያደረግኩት ነው። በድዬሻለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ከኋላው «ግን» ሳላስከትል ነው የምጽፍልሽ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ባለፈው ወር ማዘጋጃ ቤቱ ዋሻውን ለጎብኚ ሊከፍት ወሰነና የውሃ መስመርና መጸዳጃ ቤት እንድዘረጋ ጠራኝ። ስደርስ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመዋል፤ ሸምገል ያሉ፣ ፈገግታ የማያጡ ሰው። ማን መሆኔን ሳያውቁ ታሪኩን ለእኔው ይተርኩልኝ ጀመር። ንጉሡ በፈረስ ጋልበው እንዳለፉ ነገሩኝ። ፈረስ እኔ አልጨመርኩም ነበር፤ በመንገድ ላይ የተገኘ ነው። ጣሪያውን አሳይቻቸው፣ አባባ፣ ፈረሱም ጎንበስ ብሎ ነው ያለፈው ብላቸው፣ «የንጉሥ ፈረስ አይደል፣ የሠለጠነ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን የማን ሥራ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

መስመሩን ለመለካት ውሃ ልኬን ይዤ ገባሁ። ሳስቀምጠው ወለሉ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በጣም ጥቂት፣ እኔ ለቧንቧ የምሰጠውን ያህል። አምስት እርምጃ ሄጄ ደገምኩት፤ ያው ነው። አሥር እርምጃ፤ ያው ነው። የሚሸሽ ሰው ወለል አያስተካክልም። ግድግዳው ጋ ደረስኩና መብራቴን አበራሁ። ከላይ መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ስርጉድ አለ፤ በጣቴ ስነካው ለስልሷል። በግራና በቀኝ፣ በአንድ ከፍታ ላይ፣ በውሃ ማሞቂያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት። ከግድግዳው ወዲህ ያለውን አፈር በመፍቻ ጫርኩት፤ ስስ ስስ ሆኖ የተደራረበ ደለል ነው። እታለም፣ እኔ በየሰው ግቢ ታንከር በስተፊት የምሠራው ይህንኑ ነው። ውሃው ግድግዳው ሥር ይቆማል፣ ጭቃውን ያስቀምጣል፣ ጥሩው ከላይ ሞልቶ ያልፋል። ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ። ግድግዳ ሳይ ንጉሥ ይታየኝ ነበር እንጂ ሥራዬ አይታየኝም ነበር።

ያኔ ነው ዘበኛው ሰኞ ግድግዳው እንደሚፈርስ የነገሩኝ። ጎብኚ ንጉሡ ባለፈበት እንዲያልፍ፣ ቀዳዳውም እንዲሰፋ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ከዋሻው በቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ጫማዬ በጭቃ፣ ውሃ ልኬ በብብቴ። የቱሪዝም ኃላፊዋ ቁም ነገረኛ ሴት ናቸው፤ አዳመጡኝ። የእህቴን ንግግር እኔ ነኝ የቆራረጥኩት፣ ማምለጫ አይደለም፣ የውሃ መስመር ነው፣ ግድግዳውን ካፈረሳችሁት የሠሩት ሰዎች ያስቀሩልን ምስክር አብሮ ይፈርሳል አልኳቸው። ከመሳቢያቸው አንድ ረቂቅ አውጥተው ገፉልኝ። በሩ ላይ የሚቆመው ሰሌዳ ጽሑፍ ነው፤ የንጉሡ ማምለጫ ይላል፣ ከሥሩ «እንደ ታሪክ መምህርቷ ገለጻ» ይልና ሙሉ ስምሽ አለ።

«እህትዎ በገዛ አንደበታቸው ተናግረዋል» አሉኝ። «እርስዎ ደግሞ ዛሬ ውሸት ነው ይላሉ። የቱን ልመን?»

«እኔን አይመኑኝ» አልኳቸው። «ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን ይመኑ።»

እንዴት እንዲህ ደፍረህ ተናገርክ ብትዪኝ፣ ሥራዬን ስለማውቅ ነው። ከኮረብታው ማዶ፣ በአሮጌው ሰፈር፣ ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ የድንጋይ ገንዳ አለ። የዛሬ ስድስት ዓመት እዚያ ግቢ ቧንቧ ስዘረጋ፣ ገንዳው ውስጥ ወደ ኮረብታው የሚገባ አፍ አይቼ ነበር፤ የቆሻሻ ወረቀት ተቆልሎበት። ከዋሻው አቅጣጫ ጋር አስተያየሁት፤ ገጠመ። ወዲህ ምንጭ ነበረ፣ ወዲያ የተጠማ ሰፈር። ምንጩን ወደ ሌላ ከወሰዱት ወዲህ ነገሩ ሁሉ ደርቆ ተረሳ።

ቅዳሜ ሁለት ቦቴ ውሃ አስመጣሁ። የሚያፈስ ቧንቧ ስንፈልግ የምንጠቀምበትን አረንጓዴ ቀለም፣ ምንም የማይጎዳውን፣ ውሃው ውስጥ በጠበጥኩ። ባለቤቴ ገንዳው ጋ ስልኳን ይዛ ቆመች፤ እኔ ዋሻው አፍ ላይ። በቀጥታ ነው የምናስተላልፈው፤ የሚቆረጥ ነገር እንዳይኖር ብዬ። መጀመሪያ ካሜራውን ወደ ራሴ አዙሬ፣ የንጉሡን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እህቴ እንዳላለችው፣ ንግግሯን እንደቆረጥኩ ተናገርኩ።  ከዚያ ውሃውን አስከፈትኩ።

የመጀመሪያው ቦቴ አለቀ። በሌላው ስልኬ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ ምንም የለም። ኮሜንቱ ይጎርፋል፤ አንዱ ቧንቧው ተዘግቷል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩለት ብሎ ጻፈ። ኃላፊዋ እጃቸውን አጣምረው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ሁለተኛውን አስከፈትኩና ገባሁ። ውሃው ግድግዳው ሥር ሞልቶ ቆሟል። ጭቃው ሲሰክን፣ ጥሩው ከላይ በዚያች ስርጉድ በኩል ተንሸራትቶ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። ማን እንደሠራው ባላውቅም እጁን ባገኘው እጨብጠው ነበር። ከዚያ ሌላው ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት።

«ድምፅ አለ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ ዓይነት። ቆይ... ጭቃ መጣ። ቅጠል መጣ።» የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ከኋላዋ ሲንጫጩ ይሰማኛል። «አረንጓዴ ነው» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር፤ ባለቤቴን ታውቂያታለሽ፣ በሰርግ እንኳ የማታለቅስ ሴት ናት።

ኃላፊዋ የሰኞውን ሥራ እዚያው ቆመው በስልክ አስቆሙ። ግድግዳው አይነካም። ከዚያ ታዲያ ማን ሠራው፣ ሰሌዳው ላይ ምን እንጻፍ ብለው ጠየቁኝ፤ ካሜራው እየቀረጸ ነው። አላውቅም አልኩ። የውሃ መስመር መሆኑን አውቃለሁ፣ ማን መቼ እንደሠራው ግን አላውቅም፤ እሱን የሚያውቅ ሰው መፈለግ የእናንተ ፋንታ ነው አልኳቸው። አንቺን እያሰብኩ እንደሆነ ገብቷቸዋል መሰለኝ፤ አድራሻሽን ጠየቁኝ። ሳላስፈቅድሽ አልሰጥም አልኩ። በአንቺ ስም የምወስነው ነገር ከእንግዲህ የለም። አሮጌው ቪዲዮም ወርዷል፤ ረቂቁ ላይ የነበረው ስምሽም ተሰርዟል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ውሸት ግን እያደር ከብዶ ፈረስ እስከመጫን ደርሶ ነበር፤ ቅዳሜ ነው ከላዬ የወረደልኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ልንገርሽ። ትናንት ጠዋት የመጀመሪያውን፣ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ፈልጌ አገኘሁት። ያኔ የሚያስፈልገኝን ቆርጬ ከወሰድኩ በኋላ የቀረውን እስከ መጨረሻው አድምጬው አላውቅም ነበር። ትናንት አዳመጥኩት። «ምን እንደነበረ አላውቅም» ካልሽ በኋላ ደብተርሽን ትዘጊና መዳፍሽን ግድግዳው ላይ ታሳርፊያለሽ። ከዚያ ካሜራውን ትተሽ እኔን ታያለሽ፦ «እኔ መጽሐፍ እንጂ ድንጋይ አላውቅም። አንተ በእጅህ የምታውቀው ነገር አለ። እስቲ ና እየው፤ ውሃ ይሆን እንዴ?» የእኔ ድምፅ ደግሞ ከስልኩ ጀርባ፣ እሱ ለሌላ ጊዜ ይሁን፣ ብርሃኑ እያለቀብን ነው ይላል። ቀረጻው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሚሞሪ ካርዱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ሌላ ቅጂ የለኝም፤ ለማንም አላሳየሁም። ለተማሪዎችሽ ብታሳዪው፣ መሳቢያ ውስጥ ብትቆልፊበት፣ ንግግሩ የአንቺ ነው።

ያን ቀን ሥራዬን አክብረሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እኔ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ዘግይቻለሁ፣ ግን ለክቼ፣ አፍስሼ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምመልስልሽ።

አዎ እታለም፣ ውሃ ነው።

ወንድምሽ፣
ቧንቧ ሠራተኛው