ሐራጅ የወጣችው ቡሬ

ይድረስ ለልጄ ለፈቀደ፣ ካርቱም

የስደተኛ አምላክ በሄድክበት ጥላ ይሁንህ፤ የሰው አገር ውሃ ይስማማህ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

የጣልያኑ ሹም፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ላልከፈልኩት ግብር ብሎ፣ ልትወልድ የደረሰችውን ላማችንን ቡሬን በአስካሪ ወታደር አስነዳት። ቅዳሜ ኮልፌ ገበያ ሐራጅ ወጣች። አስተርጓሚው «ማን ይጨምራል?» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ታውቀን የለ፣ እንባ የወረደባት ላም ወተቷ አይረጋም እንላለን፤ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሐጂ ሀያቱ በአንድ ፍየል ዋጋ ገዟትና ገመዷን እጄ ላይ አኖሩት። «የፈቀደ እናት፣ እኔ በረት የለኝም፤ አንቺው ዘንድ ትደር» አሉኝ። የሳቸውን ገንዘብ በቅቤ እመልሳለሁ። ሹሙም ሌላ ንብረቴን ቢወስድ ገዢ እንደማያገኝ ስላየ፣ የቀረውን ግብር በየወሩ እንድከፍል እየተነጫነጨ እሺ አለ።

ትናንት ንጋት ላይ ቡሬ ወለደች! ሴት ናት፣ ግንባሯ ነጭ። ይህን ለሹሙ አልነገርነውም፤ የምትጽፍልኝ እህትህ ሰብሌ እየሳቀች ነው።

ስለ ግብሩ ብለህ ከጉሮሮህ ቀንሰህ እንዳትልክ። በዚያ ሐሩርም ራስህን ሳትሸፍን አትውጣ።

እመብርሃን በሰላም ትመልስህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፤ ለጥጃዋ ስም አውጣላትና ላክልኝ። በዚያው ስም እየጠራሁ አሳድጋታለሁ። መጥተህ ከበሩ ላይ ስትጠራት፣ የእኔ ጆሮ ቢደክም እንኳ እሷ ትሰማሃለች።

እናትህ አልማዜ