የሌለው ጎፈር

ታዱዬ፣ የኔ ፈሪ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሌላ ፋሲካ መጣ። ጾሙ ሳይገባ ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ብረት ድስቱ ለእድሩ ተመልሷል፣ ዘመዶችህም በየመጡበት ተበትነዋል። እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ የት እንዳለህ አውቃለሁና። እኔ እንዴት እንደከረምኩ ግን ልንገርህ። በቁምህ ሳወራህ ዓይንህ ከቴሌቪዥኑ አይነቀልም ነበር። አሁን የትም አትሄድብኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም እንደተውከው ነው፤ ውሃው በፈለገው ቀን ይመጣል፣ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ግን ይደክመዋል። እኔ ያው ቂሊንጦ ፋብሪካ ነኝ፤ ፈረቃዬ ወደ ጠዋት ዞሮልኛል። አንተ የምትቀመጥበት የሶፋው ጥግ ጎድጉዶ ቀርቷል። ስፖንጅ ልጨምርልሽ ያለኝን ሰው ተወው አልኩት። እንግዳ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰምጦ ለመነሳት ሲታገል ማየት ደስ ይለኛል።

ያንን ጉድጓድ የቆፈረው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የአንድ ፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ልታርድ ተነሳህ። ዓይንህን ጨፍነህ አንዴ ገዘገዝከውና እጅህ ከዳህ። አውራ ዶሮው አንገቱን አንጠልጥሎ ከእጅህ አመለጠ፤ አራቱንም ፎቅ ደም እየረጨ ወርዶ ከቆመ ሚኒባስ ስር ገባ። ምድር ቤት ያለው ሾፌር ጎትቶ አወጣው፣ በአንድ ምት ጨረሰውና ለእኔ ሰጠኝ። አንተ መኝታ ቤት ገብተህ ቆልፈሃል። ደረጃውን በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ ባል እያለኝ ዶሮ ታቅፌ የሰው ባል ለመለመን እወርድ ነበር፤ አንተንም ሰፈሩ ሁሉ «ግማሽ ካራ» ሲልህ ኖረ።

ያንን አሮጌ ፕሌይስቴሽን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን ጌም፣ ተሸክመህ የመጣኸው በዚያው ሰሞን ነው። ጨዋታው ውስጥ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛ ነበርክ። የፈረሰኛው ወንድም በጠላት እጅ ተገድሎበታል፤ ጨዋታው የሚጀምረውም የሚያልቀውም ያንን ደም በመመለስ ነው። ይህን የነገርከኝ አንተው ነህ። አንተ ግን ደሙን ትተህ ዱር ገባህ። አደኑ የጎን ሥራ ነው፤ ሌላው ሰው ዋናው ነገር ሲሰለቸው ትንሽ ተኩሶ ይመለሳል። አንተ ሳትመለስ ቀረህ። ሚዳቋው፣ አጋዘኑ፣ ተኩላው፣ ድቡ፣ ያ ጎፈር የሌለው የተራራ አንበሳ፣ ሁሉም በእጅህ ረገፉ። ፈረስህን ዳማ አልከው፤ ከአደን ስትመለስ በብሩሽ ትፈትገዋለህ፣ አንገቱን ትደባብሰዋለህ። የእኔን አንገት መቼ እንደደባበስክ አላስታውስም።

አደንህን እንኳ ችዬው ነበር፤ የጠላሁት አገዳደልህን ነው። ራሱን መምታት ስትችል እግሩን ትመታዋለህ። ከዚያ ቆሎህን እየቆረጠምክ ደሙን ትከተላለህ። አጋዘኑ እያነከሰ፣ እየወደቀ፣ እየጮኸ ይሄዳል፤ ድምፁ ደረጃው ላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ለምን አትገላግለውም ብልህ፣ የአደን ጣዕሙ መከተሉ ላይ ነው፣ ቶሎ ከሞተ ምን ይቀራል አልከኝ። ዶሮ ሲታረድ ጆሮህን በትራስ የምትደፍን ሰው።

ጉበትህ ሲታመም ነገሩ ተገለበጠ። ሞት አንተንም እግርህን መትቶ ነበር የተከተለህ፤ አልቸኮለም። አንድ ቀን ከሥራ ስመጣ የምሰማው ጩኸት የአጋዘን ይሁን ያንተ መለየት አቅቶኝ ቁልፉን እንደያዝኩ በር ላይ ቆምኩ። ያንተ ነበር። ቶሎ ይገላግልህ ብዬ ተሳልኩልህ፤ አንተ ለአጋዘኑ የነፈግከውን እኔ ላንተ ለመንኩ። የሚሰማኝ አላገኘሁም።

በለቅሶህ ቀን ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ደምሴ ከአገር ቤት አልቃሽ አስከትለው መጡ። አልቃሿ ምን ብዬ ላንሳው ብላ ስትጠይቅ፣ ቃሊቲ መጋዘን አብረውህ የሚሠሩት እርስ በርስ ተያዩ። የሚያውቁልህ አንድ ነገር ነው፤ በየጠዋቱ ሻይ ላይ የጣልከውን አውሬ ስትተርክላቸው ኖረሃል። አንዱ አንበሳ ገድሏል አላት። የጌሙን ማለቱ ነበር፤ መጋዘኑ በሙሉ ያውቃል። እሷ ግን አንበሳ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንደሚገድሉት ከየት ታውቃለች? ደረቷን እየመታች ጀመረችው፤

አንበሳው ደስ ይበልህ፣ ከጎሬህ ውጣና፣
ታደለ ተኛልህ፣ የሚጥልህ ጀግና።

ከአገር ቤት የመጣው ሰው ድንኳኑን በለቅሶ አናጋው። ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ አንስተው ፎከሩ፤ በቤታችን ግዳይ የጣለ የለም እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንገታቸውን የደፉ ሰው። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተንቀጠቀጥኩ። ሰው ለቅሶ መሰለው።

ሳቄ በአርባህ ላይ አነቀኝ። ጋሽ ደምሴ ጠጋ ብለው የወንድሜ ጎፈር የታለ አሉኝ፤ ወስደው አባታችሁ ቤት ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት። አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር አለው፤ ተሳስተዋል አይባልም። የለም አልኳቸው። በእሳቸው ቤት የለም ማለት ሸጥኩት ማለት ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ ወሬው ዘመዱን ሁሉ አዳረሰ፤ የባሏን ጎፈር ሽጣ በላች ተባልኩ። እህትህ ሰላምታዬን ፊቷን አዙራ ትቀበል ጀመር። አንድ ቃል ብናገር ነጻ እወጣለሁ፤ ያ ቃል ግን አንተን ራቁትህን ያስቀርሃል። ስለዚህ ችዬ ከረምኩ።

የሙት ዓመትህ ዋዜማ ጋሽ ደምሴ ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። ሐውልትህን አሠርተዋል፤ ከስምህ በላይ «አንበሳ ገዳዩ» ተብሎ ተቀርጿል። ጎፈሩን ካላመጣሽ ለማን እንደሸጥሽው ነገ በቄሱ ፊት ትምያለሽ አሉኝ። ለካ አንተ ጀግና ሆነህ እንድትተኛ እኔ ሌባ ሆኜ መኖር ነበረብኝ። ይህን ያህል አልወድህም ታዱዬ። በቁምህም ይህን ያህል አልወድህም ነበር።

ቁጭ በሉ አልኳቸውና ዓመት ሙሉ አቧራ የጠጣውን ማሽን ሰካሁት። ፈረሰኛህ ያቆምክበት ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ዳማ አጠገቡ ሳር ይግጣል። ወንድምህ ያንተ ጉድጓድ ውስጥ ሰምጠው ተመለከቱ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ አንበሳህ የት እንዳለ፣ በምን እንደገደልከው፣ ዶሮውንም ጭምር። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ደምሴ ግን አልተቆጡም። ፈረሰኛውን በከዘራቸው እያመለከቱ ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው አሉኝ። ወንድሙ ተገድሎበት ደሙን ሊመልስ የወጣ ሰው ነው፣ ታደለ ግን አደኑን ወዶ እዚያው ቀረ አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የተለወጠው።

«የወንድሙ ደም ፈሶ፣ እሱ ሚዳቋ ያባርራል?»

ውሸቱን ይቅር ሊሉህ ይችሉ ነበር፤ ይህንን ግን አልቻሉም። ለእሳቸው በረሃ ላይ ሬሳው የተተወው ወንድም እሳቸው ነበሩ። ጆይስቲኩን ከእጄ ቀምተው ደሙን ራሳቸው ሊመልሱ ተነሱ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ አያውቁም፤ የመጀመሪያውን ሲጫኑ ጠመንጃው ጮኸ። ዳማህ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ቶሎ አልሞተም። ያ የማውቀው ጩኸት ቤቱን ሞላው፤ አራታችንም እስኪያበቃ ድረስ ተቀምጠን ሰማነው። ጨዋታው የሆነውን ሁሉ በራሱ ይመዘግባል፤ የሚመልሰው የለም። ዳማህ ሞቷል፤ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ወንድምህ ጎፈር ድሮም አልነበረም፣ እሷን ተዋት ብለው ለዘመዱ ተናግረውልኛል። ይቅርታ አልጠየቁኝም። በማግስቱ ድንጋይ ጠራቢው መጥቶ «አንበሳ ገዳዩ» የሚለውን በመሮ ፋቀው። ማስተካከል አልቻለበትም፤ ከስምህ በላይ የተቦረቦረ ቦታ ቀረ። ሰው ሁሉ በጣቱ እየዳበሰ ምን ነበር ይላል። ቄስ ነበር የሚልህ አለ፣ ዶክተር የሚልህም አልጠፋም። እኔ ከንፈሬን መጥጬ አልፋለሁ።

አሁን ፋሲካውን ልንገርህ። ቅዳሜ ዶሮዬን ታቅፌ እንደ ልማዴ ወረድኩ። ሾፌሩ ቤት ለቋል። ደረጃው ስር ቆሜ ጠበቅኩ፤ የሚያልፈው ሁሉ ሴት ሆነብኝ፤ አንድ ወንድ ቢያልፍ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ነው። ሰለቸኝ። ተመልሼ ወጣሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ራሴ አረድኩት። ሴት አታርድም የሚሉኝ ይምጡና የሰው ባል ይለምኑልኝ። በአንድ ጊዜ ገላገልኩት።

እጄን ታጥቤ ስወጣ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ አገኘሁት። ማን ዘጋው ብዬ ቆምኩ። እኔው ነኝ። ካራውን ከማንሳቴ በፊት፣ በየበዓሉ ዶሮ ይዤ ስወርድ አደርገው እንደነበረው፣ እንዳትሰማ ብዬ ዘግቼው ኖሯል። እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩልህ፤ በድንኳኑ ያላለቀስኩትን፣ በሙት ዓመቱም ያላለቀስኩትን።

ድንጋይህን ሰው እንደፈለገው ያንብበው። አንበሳ ገዳዩን ወንድምህ አስፍቀውታል፤ መጋዘንህም ሌላ ሰው ቀጥሮ ረስቶሃል። ዶሮ ማረድ ያቃተውን ታደለን የማውቀው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እሱን አልረሳውም። ለገናም እዘጋልሃለሁ።

ሚስትህ ዘነበች