ድንኳኑን አላስነቅልም ያሉት የአቶ ጎሳዬ ቦሼ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጎሳዬ በ1955 ዓ.ም. በገዘር አካባቢ፣ ከአባታቸው ከገበሬው ከአቶ ቦሼ አይኬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጤናዬ ተወለዱ። የተወለዱበትን ወርና ቀን የሚያውቁት እናታቸው ብቻ ስለነበሩ ቀኑም ከእሳቸው ጋር ተቀብሯል። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ገዘር ተምረው ወደ ውትድርና ሄዱ። በሠራዊቱ ንብረት ክፍል ተመድበው ሸራ መስፋትና ድንኳን መትከል ለመዱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ይህን ሙያ ይዘው ጂንካ ገቡ።

ወደ ቱርሚ የሚወርድ የጭነት መኪና ሸራ ሁሉ በእጃቸው አልፏል ብንል ብዙም አላጋነንም። በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉሽ ጋር ትዳር መሥርተው ሩሃማንና ሀብታሙን ወለዱ። አቶ ጎሳዬ ቁጡ ነበሩ፤ ዛሬ ስላረፉ ብለን ገራገር አናደርጋቸውም። ስፌት ጠሞ ካዩ ተፈትቶ እንደ አዲስ እስኪሰፋ ድረስ እህል አይቀምሱም ነበር። ነገር ግን ሰው ቃላቸውን ያምን ስለነበር የሠፈሩ እድር መጀመሪያ ንብረት ጠባቂ፣ ኋላም ዳኛ አድርጎ መረጣቸው። የእድሩን የለቅሶ ድንኳኖች የሰፉትም እሳቸው ናቸው።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ነሪ ወንዝ ሞልቶ በዳርቻው የነበሩትን የኪራይ ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ተከራዮቹ አብዛኞቹ ለጉልበት ሥራና ለችርቻሮ ከሌላ አካባቢ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስጠልልበት ድንኳን ስላልነበረው ከእድሩ ጋር ውል ተዋዋለ። እድሩ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ሊያቀርብ፣ ማዘጋጃ ቤቱም በሦስት ወር ውስጥ ተፈናቃዮቹን ቤት ሊያስገባ ተስማሙ። አባላቱ ሲያመነቱ አቶ ጎሳዬ፣ «ሦስት ወር ነው፣ ምን አለበት? እኔ አለሁ» ብለው አሳመኗቸው፤ ፈረሙም። ለተፈናቃዮቹም ድንኳኖቹ በተተከሉበት ሜዳ ላይ ቆመው ያንኑ ቃል ሰጧቸው።

ሦስቱ ወር አለቀ። ምትክ ቦታ ተሰጠ፤ የተሰጠው ግን ለቤቶቹ ባለቤቶች ነበር። ተከራይ ካርታ ስለሌለው ቤት ፈረሰበት ተብሎ አልተቆጠረም። አቶ ጎሳዬ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። አንድ ኃላፊ፣ «ጋሼ፣ የአደጋው ፕሮጀክት እኮ ክሎዝ ተደርጓል» አላቸው። «ሰዎቹስ? እነሱንም ክሎዝ አደረጋችኋቸው?» ብለው ወጡ። በማግስቱ ግን ተመልሰው እዚያው በር ላይ ተሰለፉ።

በዚያው ክረምት ከእድሩ አባላት አንዱ አረፉ። ለቀስተኛው ያለ ጥላ ደጅ ላይ ሲቀመጥ አባላቱ አንድ ድንኳን ተነቅሎ ይምጣ አሉ። ድንኳኑ የተሰፋው በእነሱ መዋጮ፣ ለለቅሶ ነውና እውነት ነበራቸው። ሊነቀል በታሰበው ድንኳን ውስጥ ግን ወ/ሮ ኤልሳ የምትባል ተፈናቃይ በአራስነት ተኝታ ነበር። አቶ ጎሳዬ ከመግቢያው ላይ ተቀምጠው፣ «አራስ አስነስቼ ለሬሳ ጥላ አልተክልም» አሉ። ጎትቶ ሊያስነሳቸው የደፈረ አልነበረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ከዳኝነት አወረዷቸው፤ ግማሹ ሠፈርም ሰላምታ ነፈጋቸው፤ ድንኳኖቹን ሊነቅል የሄደ ግን አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙሉሽ አረፉ። ያን ጊዜ አቶ ጎሳዬን የተቀየሙ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ለእሳቸው እንኳ አንዱን እንንቀል አሉ። አቶ ጎሳዬ አልፈቀዱም። የሚስታቸውን ለቅሶ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሩሃማ ለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አኩርፋቸዋለች፤ አንፈርድባትም።

ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው ጠዋት ደጅ መጥናት፣ ከሰዓት ሸራ መጣፍ ሆነ። የቻለ ተፈናቃይ ወደ ቱርሚና ወደ ሌላም አገር ሄደ፤ ያልቻለው እዚያው ቀረ። የኤልሳ ልጅ ከድንኳን ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስም ድንኳን ይገባል። አቶ ጎሳዬ አንድም ቤተሰብ ቤት ማስገባት አልሆነላቸውም። በቀብር ቀን ይህን መናገር ያሳፍራል፤ እሳቸው ግን ሽንገላ አይወዱም ነበር። ሳንባቸውን ታመው በተኙበት ጊዜ እንኳ ሊጠይቃቸው የገባውን ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ሜዳው ድንኳኖች ሸራ ነበር። «ያመኑት እኮ እኔን ነው» ይሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ዛሬ ጠዋት ወ/ሮ ኤልሳና ጎረቤቶቿ የሚያድሩበትን ድንኳን ራሳቸው ነቅለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡ። ቤተሰቡ እባካችሁ መልሱት ብሎ ለመናቸው። ኤልሳ፣ «የእሳቸውን ለቅሶ ፀሐይ ላይ አንቀመጥም» ብላ ካስማውን መምታት ጀመረች። አሁን ሁላችን የተጠለልነው በእሱ ነው። ሸራው በስብሶ ስለነበር ሲነቀል ከስፌቱ ተተርትሯል፤ ከእንግዲህ ሜዳው ላይ ተመልሶ የሚቆም አይደለም። ሊሰፋው የሚችለው ሰው ደግሞ እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው።

አቶ ጎሳዬ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ሚልክያስንና ዛሬም ቤት የሚጠብቁትን የሜዳውን ሰዎች ትተው አልፈዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን፣ ልጆቻቸውንም ያጽናና። የዛሬ ማታውንም ዝናብ ይያዝልን፤ እነ ኤልሳ የሚገቡበት የላቸውም።