የእጃችን ቋንቋ ከማን ቤት መጣ?

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረማችሁ፤ አንተም፣ ሚስትህም፣ ያቺ ጉንጫም ልጃችሁም? እኔ ደህና ነኝ፤ ስፌቱም አልጠፋም።

ሰሞኑን የገጠመኝን ልንገርህ። አንዲት ተመራማሪ መጥታ የሰፈራችን መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጃቸው ሲያወሩ ስትቀርጽ ሰነበተች። እኔ ጋ መጥታም "ይህ ቋንቋ ከየት መጣ?" አለችኝ።

"ከዚህ ቤት ነዋ!" አልኳት ደረቴን ነፍቼ። "ወንድሜ ስለማይሰማ፣ ልጆች ሆነን ከአባታችን መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብለን የፈጠርነው ነው።"

የሠርጋችሁንም ቪዲዮ አዋስኳት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። መስማት ለተሳናቸው በትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት የምልክት ቋንቋ ጋር ቃል በቃል አነጻጽራው ኖሯል።

"አይዛመዱም፤ የእናንተው ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው" አለችኝ። ልቤ በኩራት አበጠ። እሷ ግን ቀጠለች፤ "መነሻው ጨርቅ ቀለም የሚነክሩት የወንድምሽ ሚስት ቤተሰቦች ቤት ነው። የሚስቱ ሴት አያትና የአያቷ እህት አይሰሙም ነበር። ወንድምሽ በልጅነቱ የአባታችሁን ጨርቅ ይዞ እዚያ ሲመላለስ ለምዶ ነው ያመጣልሽ።"

ኩምሽሽ አልኩ። "ውሃ" የእነሱ፣ "እናት" የእነሱ፣ "ዝም በይ" እንኳን የእነሱ! ለካ ያኔም ከዛሬዋ ሚስትህ ጋር ጠግበህ አውርተህ፣ የተረፈህን ነው ለእኔ የምታመጣልኝ። ሁለት ቀን መርፌ አልያዝኩም።

ተመራማሪዋ ግን ቪዲዮውን ከፍታ አንድ ነገር አሳየችኝ። ሙሽራው አንተ፣ ሁለት ጣትህን በከንፈርህ ይዘህ ሰዉን ሁሉ እየዞርክ ትጠይቃለህ። "ይህ ምልክት ጨርቅ ነካሪዎቹ ጋ የለም። ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

"እንጃ" አልኳት።

ዋሸኋት። መርፌ በከንፈሬ ይዤ ስሰፋ አይተህ፣ በስድስት ዓመትህ ያወጣህልኝ ስም ነው። በሠርጋችሁ ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ በጊዜ የወጣሁትም ውሸቴን ነበር፤ እናንተ ስትሳሳቁ ማየት አቅቶኝ ነው። ሰዉን እየዞርክ እኔን እንደፈለግኸኝ አላወቅሁም።

ልጅህ በእጇ ማውራት ስትጀምር ያቺን ምልክት አንተው አስተምራት። እናቷ ከቀደመችህም... ይሁን፣ ምን ይደረጋል።

እጃችሁን ከሕመም፣ ቤታችሁን ከኩርፊያ ይጠብቅላችሁ።

ጭራሽ የማትቀናው እህትህ