ዘመድ ላለመሆን

ግንቦት 9
ዝናብ። ስኮትላንድ ናት፣ ምን ይደንቃል? ቁርስ የሳልሞን ዓሣ፣ ምሳ ሳልሞን... ቅርፊት ላበቅል ምንም አልቀረኝ።
የምወደው ማሊስ መጣ። በሬ ሊገዛ ነው አሉ። እኛ ግንብ ውስጥ ምን በሬ አለ? አባቴን እኔን ለትዳር ጠየቀው። አባቴ ሳቀ፣ ጠላ አስቀዳ፣ እሺ አለ! ልቤ እስካሁን ቦታዋ አልተመለሰችም።

ግንቦት 11
ቄሳችን አባ ኔክታን ደስታችን ላይ ውሃ ቸለሱበት። ቤት ቆጠሩ። የማሊስ እናት ለአባቴ የአጎት ልጅ ናት።
"አራት ቤት ሳይሞላ መጋባት የለም፣ ኢሰንዳ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"
የጠጡትን ዋንጫ መቁጠር የሚያቅታቸው ሰው! አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ፣ በላሁ።

ግንቦት 14
አሮጊቷ አዋላጅ ቤቶክ ስታጽናናኝ አመለጣት።
"ምን ያስለቅስሻል? ማን ዘመዱ ሆነና!"
"እማማ ቤቶክ፣ ምን ማለትሽ ነው?"
"ምንም።"
ፊቷ ቀላ። ጨቀጨቅኳት፣ አወጣችው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አባቴን ያገባችው የፊተኛው ባሏ ፈርገስ በእንግሊዞች ጦርነት እንደሞተ ወዲያው ነው። እኔ ደግሞ ቶሎ ተወለድኩ። "የሰባት ወር ናት" ተባለ።
"የሰባት ወር? ጥፍርሽ እጄን ቧጭሮኛል! ጩኸትሽ ከብት አስበርግጓል!"
ታዲያ የፈርገስ ልጅ ነኝ? ከሆንኩ ማሊስ ባዕዴ ነው። ባዕድ... እንዴት ያለ ደስ የሚል ቃል ነው! እርግጥ የአባቴ ልጅ ካልሆንኩ የአርድሉር ግንባችንና መሬቱ ለአጎቴ ይሄዳል። ይሂድ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ግን አባቴስ?

ግንቦት 20
ነገሩን ለአባ ኔክታን ነገርኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚወስኑ ሽማግሌዎች ሊሰየሙ ነው። ስወለድ የነበረ ሁሉ ምሎ ይመስክር ተብሏል። አባቴ እኔን ትቶ ውሻውን ያናግራል። "እኛን የጠገበ ሰው አለ መሰለኝ" ይለዋል፣ እኔ እንድሰማ። ፈረስ መጋለብ ያስተማረኝ እሱ። ስወድቅ በሳቅ የሞተውም እሱ። ጨነቀኝ። ማሊስን እፈልጋለሁ፣ አባቴንም ማጣት አልፈልግም።

ሰኔ 2
የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ። ምስክር ተብዬዎች! አንዱ የተወለድኩበትን ጊዜ የሚያስታውሰው ላሙ መንታ ስለወለደች ነው። ሌላው ዘሎ ተነሣ፦ "ውሸታም! ላሟ የእኔ ነበረች!" የእኔ ነገር ቀረና የላም ሙግት ሆነ። ቤቶክ ስለ ጥፍሬ መሰከረች። "አርጅታለች፣ ተምታቶባት ነው" አሉ። አለቀልኝ አልኩ።
ያኔ አባቴ ተነሣ።
"እናቷን ሳገባት እርጉዝ ነበረች። አውቃለሁ። የፈርገስ ነው ብላ ራሷ ነግራኛለች። የሰባት ወር ናት ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።" ማሊስን በጣቱ ጠቆመ። "ልጁ ዘመዷ አይደለም። ይውሰዳት።"
ሃያ ዓመት የደበቀውን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! የአርድሉር ጌታ ውሸታም መባልን መረጠ... ለእኔ ሲል። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።
"ተይ እንጂ፣ ሰው ያያል" አለኝ። ግን አልለቀቀኝም።

ሐምሌ 6
ተጋባን! እንደ ወጉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምን። ዝናቡም አልቀረም። አባ ኔክታን ሕግ አይለቁም መቼስ፣ ጮክ ብለው ጠየቁ።
"አባቷ ፈርገስ በሕይወት የለም። ይህችን ልጅ ለባሏ የሚሰጣት ማን ነው?"
ማሊስ እጄን ጨበጠኝ። አባቴ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወጣ።
"እኔ ነኝ።"
"በምን መብት?"
"አባቷ ነኛ!" አለ፣ የፈርገስ ልጅ ናት ብለው የፈረዱት እነዚያው ሽማግሌዎች እየሰሙ። አንድም የተቃወመ አልነበረም።